የገለልተኛው ሰው መቀጫ

ከሥነ ዜጋ መጽሐፍ የውጭ ጉዳይ ፖሊሲ የሚለውን ምዕራፍ ለዓመታት አስተምሬዋለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ከልቤ አምኜበት አላውቅም። ጭሮ ካለው የትምህርት ቤታችን መስኮት የሚታየው የጫት ማሳ፣ ወደ ገበያ የሚወርድ ሰውና ቁልቁል የሚንደረደር አይሱዙ ነው። እዚህ ቆሞ ስለ ገለልተኝነት፣ ስለ ሰብአዊ መብትና ስለ እርዳታ መርህ ማውራት ሰው አይቶት ስለማያውቀው ባሕር እንደማውራት ነበር የሚሆንብኝ። ተማሪዎቼ ይጽፋሉ፣ እኔ አርማለሁ፣ ክረምት ይገባል፣ ሁላችንም እንረሳዋለን።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ በአንድ የእረፍት ሰሞን ያገኘሁት የጥቂት ቀን ሥራ ነው። የአንዲት ትንሽ አገር ኤምባሲ ወደ ቦርደዴ ለሚልከው ሠራተኛ ኦሮምኛና እንግሊዝኛ የሚችል አስተርጓሚ ይፈልጋል፣ ሴት ብትሆን ይመረጣል የሚል ወሬ በሰው በሰው እኔ ጋ ደረሰ። የአገሪቱን ስም አልጠራም፤ ሰውየው እንጀራው ላይ ነው ያለው። በረዶ የማይጠፋባት፣ ካርታ ላይ ጣት ቢያርፍባት ተሸፍና የምትቀር አገር ናት ማለት ይበቃል።

ጎረቤቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጫት ሲያስጭኑ የኖሩ ሙስሊም አዛውንት ናቸው፤ ከእሳቸው ሳልማከር የትም አልሄድም። አገሪቱ ትንሽ መሆኗን ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና ሥራው እንደሚቀለኝ አረጋገጡልኝ። ትንሽ አገር ጎረቤቶቿን እየፈራች ስለምትኖር ሰው ላለማስቀየም ትጠነቀቃለች፣ ሰዎቿም ጨዋ ናቸው አሉኝ። ስለ ጨዋነቱ ልክ ነበሩ። በሌላው ግን እንደዚያን ዕለት ሲሳሳቱ አይቻቸው አላውቅም።

ሰውየው ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ረጅም፣ አፍንጫው በፀሐይ የተላጠ ሰው ነው። መኪናውን የሚነዳው ከአዲስ አበባ የመጣ ዝምተኛ ሾፌር ነበር። ከጭሮ ብርድ ተነስተን ቁልቁል ወረድን፤ ሚኤሶን ስናልፍ ሹራቤን አወለቅኩ፤ አሰቦት ላይ ሾፌራችን ወደ ገዳሙ ተራራ ዞሮ አማተበ። ከዚያ በኋላ ያለው ግራር፣ አቧራና ግመል ነው።

መንገዱን ሙሉ ሰውየው የአገሩን መርህ አስረዳኝ። ሁለት ወገን በተጣላበት ቦታ አገሩ ለማንም አታደላም፤ ማድላት የሚመስል ነገርም አታደርግም። ሴቶች ሐሳባቸውን ባልተጠየቁበት ጉዳይ ላይ ገንዘብ አታወጣም። እርዳታ ይዞ የሄደ ሠራተኛዋም ከሚረዳው ሰው ምንም ስጦታ አይቀበልም፤ ምግብም ቢሆን። እኔም ለእነሱ እየሠራሁ እስካለሁ ድረስ ይኸው ሕግ ይመለከተኛል። ሁሉንም ሳያዛንፍ ሲጨርስ እንደ ተማሪ ጎሽ ልለው ምንም አልቀረኝም።

ጉዳዩ የውሃ ነበር። ከቦርደዴ ወጣ ብሎ ደረቅ ወንዝ የሚለያቸው ሁለት መንደሮች አሉ፤ የላይኛውና የታችኛው። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ጥሩ ውሃ ተገኝቷል። የቀረው ፓምፑ፣ ቧንቧውና ሰው የሚቀዳበት ቦኖ ነው። ቦኖው የት ይተከል በሚለው ላይ ባለፈው ክረምት ተጣሉ። በዱላ የተጀመረው በኩርፊያ ቀጠለ፤ አንዱ የሌላውን ደጅ ላይረግጥ፣ የሌላውን ማዕድ ላይቀምስ ተማማሉ። የአጎትና የአክስት ልጆች ናቸው እንግዲህ። ከአሰቦትም ከሚኤሶም ሽማግሌ መጥቶ ሳይሆንለት ተመልሷል። ውሃው ከመሬት በታች ቁጭ ብሎ ሴቶቹ ግን አሁንም በባቡር ሐዲዱ በኩል ካለ ሩቅ ኩሬ ይቀዳሉ።

የትንሿ አገር የበጀት ዘመን ደግሞ ሊዘጋ ነው። ሰውየው ተስማምተዋል የሚል ወሬ ይዞ ካልተመለሰ ገንዘቡ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል። እንዲያ ከሆነ ለምን አታስታርቃቸውም አልኩት። ማስታረቅ አልተፈቀደለትም። የተፈቀደለት ሁኔታውን መመልከት ብቻ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ተናደድኩ፤ ግን ገና ጧት ስለነበር ዋጥኩት።

መጀመሪያ የደረስነው ላይኛው መንደር ነው። ፂማቸውን በሂና ያቀሉ ሽማግሌ ተቀበሉን። ፍየል ታርዶልናል። ምንጣፍ ተነጥፏል፣ የእጅ መታጠቢያው ቀርቧል፣ የሥጋው ሽታ ከውጭ ጀምሮ ተቀብሎናል። ሰውየው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ በጣም እያመሰገነ፣ እንደማይበላ ተናገረ። እኔም የምችለውን ያህል አለስልሼ ተረጎምኩ። ሽማግሌው ምን አጥፍተን ነው ብለው ጠየቁ። ምንም አላጠፋችሁም፣ የአገሩ ሕግ ነው አልኳቸው። ሰው ቤት ገብቶ አለመብላትን የሚያዝ ሕግ ምን ዓይነት ሕግ እንደሆነ ሊገባቸው አልቻለም፤ እውነቱን ለመናገር ከባዶ ሆዴ ጋር ሆኜ ስሰማው እኔም ሊገባኝ አልቻለም።

ሾፌራችን ከመኪናው ጥላ ሥር ዳቦውን በቃሪያና በቲማቲም ይገምጣል። በእሱ ማንም አልተቀየመም። ክርስቲያን ነው፣ የሙስሊም እርድ አይበላም፣ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው፤ እንዲያውም ሻይ ላኩለት። የእኔ ግን ጨርሶ ግራ አጋባቸው። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ጭሮ ውስጥ በየዒዱ የጎረቤቶቻችንን ሥጋ እየበላሁ ነው ያደግኩት፤ ይህንንም ከፊቴ ላይ የሚያነቡት መሰለኝ። አንዲት ሴት ተጠግታ ታመሽ ነው ወይ ብላ በጆሮዬ ጠየቀችኝ።

ታችኛው መንደር ስንደርስም ያው ነው፤ ሌላ ፍየል፣ ሌላ ምንጣፍ። እዚህ የተቀበሉን መቃ የመሰሉ ረጅም ሽማግሌ ናቸው። ሰውየው እንደገና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፣ እኔም እንደገና ተረጎምኩ፣ ሽማግሌውም ምን አጥፍተን ነው ብለው ጠየቁ። ልዩነቱ የእኔ ሆድ መጮኹ ብቻ ነበር፤ ሁሉም ሰምተውታል።

ስንወጣ አንዲት አሮጊት ክንዴን ያዙኝ። በእኛ በኩል እናትን አዮ ነው የምንለው፤ እኔም አዮ ብዬ ሰላም አልኳቸው። ስለ ምግቡም ስለ ቦኖውም አላነሱም። የጠየቁኝ ከላይኛው መንደር ስመጣ ልጅ ያዘለች፣ ጉንጯ ላይ ጠባሳ ያለባት ቀጭን ሴት አይቼ እንደሆነ ነው። ልጃቸው ናት። ወደ ላይ የተዳረችው ከጠቡ በፊት ነው፤ የወለደችው ግን ከመሐላው በኋላ ነው። እናት አራሷን ልጇን አላረሰችም፣ የልጅ ልጇን አላቀፈችም። ሕፃኑ አሁን ጥርስ ማውጣት ጀምሯል ሲባል በገበያ ሰው ሰምተዋል።

“ቦኖው ሰማይ ላይ ቢተከልም ግድ የለኝም” አሉኝ። “ልጄ የወለደችውን ልየው እንጂ።”

ለሰውየው ተረጎምኩለት። ባርኔጣውን አወለቀ። እሳቸውን በመኪና አሳፍረን ለትንሽ ጊዜ ወደ ላይ ብንወስዳቸውስ አልኩት። ከልቡ አዘነ፤ ግን የአንዱን ወገን ሰው በኤምባሲ መኪና ወደ ሌላው ወገን መውሰድ ማድላት ሊመስል ይችላል አለኝ። ያን ጊዜ ጧት የዋጥኩት ንዴት ወጣ። ለማን ነው የምታደላው፣ ጥርስ ለሚያበቅለው ሕፃን ነው ወይ አልኩት። አፍንጫው ብቻ ሳይሆን ጆሮው ጭምር ቀላ።

ከዚያ ደረቁን ወንዝ ተሻግረን፣ በሁለቱ መንደሮች መካከል ያለ ትልቅ ግራር ሥር ተቀመጥን። ሰውየው ብስኩት አውጥቶ ግማሹን ሰጠኝ። ባልበላው ይሻለኝ ነበር፤ አፈር አፈር ነበር የሚለው። ኩርፊያ ላይ ስለሆንኩ አላወራሁትም። እንዲህ ተቀምጠን ሳለ ከላይኛው መንደር ወንዶች ሲወርዱ አየሁ። ዞር ስል ከታችኛውም እየመጡ ነው። ዱላ ይዘዋል። እርግጥ ነው በዚያ አገር ወንድ ያለ ዱላ ከቤቱ አይወጣም፤ ቢሆንም ልቤ ደነገጠ፤ ሰውየውም መመልከት ብቻ የተፈቀደለት ነገር ሊመጣ ነው ብሎ ተነስቶ ቆመ።

ወንዶቹ ግን የመጡት ወደ እኛ ነው። ከዚህም ከዚያም መጥተው ግራሩ ሥር ቁጭ አሉ፤ ቀይ ፂም ያላቸው በአንድ በኩል፣ ረጅሙ ሽማግሌ በሌላ በኩል። ከባለፈው ክረምት ወዲህ በአንድ ጥላ ሥር ሲቀመጡ ይህ የመጀመሪያቸው መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። ዱአ አደረጉና ቀይ ፂም ያላቸው ሰውየውን አንተ እያሉ፣ እንደ ልጅ፣ ጀመሩ።

“እኛ እርስ በርሳችን ተጣልተናል፤ የእኛ ጉዳይ ነው። አንተን ግን ምን በደልንህ?”

የቀረውን ረጅሙ ሽማግሌ ቀጠሉት። እንግዳ ይመጣል ተብሎ ከሌለን ላይ አረድን፣ ሴቶቻችን ከሩቅ ውሃ ቀድተው ሠሩ፣ ቤታችንን ናቅክ አሉ። ቀይ ፂም ያላቸው ደግሞ ተቀበሉና፣ የእኛን ብቻ ቢሆን እሺ፣ የእነዚህን ሰዎች ፍየል እንኳ አልነካህም ብለው ለባላንጣዎቻቸው ተቆረቆሩ። አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀጥላል፤ አንዱ የረሳውን ሌላው ያስታውሰዋል። እኔ ለመተርጎም ፋታ አጣሁ። ከታችኛው መንደር የመጣ ሰው የላይኛው መንደር ፍየል ምን ያህል የሰባ እንደነበር ሲመሰክር በጆሮዬ ሰማሁ። ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን ነከስኩ።

ሰውየው ይቅርታ ጠየቀ። በአንዱ ቤት ብበላ ለሌላው ጠላት እሆናለሁ ብዬ ነው አለ። ታዲያ በሁለቱም ቤት ብትበላ ኖሮ ለሁለቱም ወዳጅ ትሆን አልነበር አሉት። ለዚህ መርሁ መልስ ያለው አይመስለኝም።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተነስተው ገለል አሉና ተማከሩ። ከየመንደሩ የመጡት ወንዶች አንገታቸውን አስግገው ያዩዋቸዋል። ሲመለሱ ፍርዱን የተናገሩት ረጅሙ ናቸው። እንግዳው አጥፍቷል፣ ጥፋቱንም አምኗል፤ ስለዚህ ይቀጣል። መቀጫው የሁለቱንም ፍየል ሥጋ፣ ከአንድ ትሪ፣ በሁሉም ፊት መብላት ነው።

ሰውየው መቀጫ የሚለውን ቃል ሲሰማ ደንግጦ ነበር፤ ምን እንደሆነ ሲያውቅ ደግሞ የባሰ ተጨነቀ። ስጦታ መቀበል ክልክል ነው አለኝ ቀስ ብሎ። የሥነ ዜጋ መምህርት በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣላት ቀን መጥቶልኝ ነበር። ስጦታና ቅጣት ለየቅል ናቸው አልኩት። ስጦታ ሰው ቢፈልግ ይቀበለዋል፣ ባይፈልግ ይተወዋል፤ ቅጣት ግን ግዴታ ነው። ዲፕሎማት የተላከበትን አገር ሕግና ወግ ያከብራል ተብሎ በአገርህ መርህ ውስጥ አልተጻፈም ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ዓይን ዓይኔን አየኝ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ፤ እስከዚያች ሰዓት ሲስቅ አላየሁትም ነበር። ቅጣቱን እንደሚፈጽም ለሽማግሌዎቹ ንገሪልኝ አለኝ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። እንግዳን ብቻውን ማስበላት ነውር ነው፤ ከሁለቱም ወገን አብሮት የሚቆርስ ያስፈልጋል። መሐላውስ? ሽማግሌዎቹ በዚህም ላይ እንደ ጠበቃ ተከራከሩ። ግራሩ ሥር የማንም ደጅ አይደለም፤ ሥጋውም አሁን የመቀጫ ሥጋ ነው እንጂ የማንም ማዕድ አይደለም ብለው ወሰኑ። እኔ ያስተማርኳቸው የስምምነት ሰነዶች ሁሉ እንዲህ ባሉ ሰዎች ነው የተረቀቁት ብዬ አሰብኩ።

ሥጋው በትሪ ትሪ ሆኖ ከየመንደሩ መጣ፤ ግን ሩዝ በአንድ ድስት መቀቀል አለበት ተባለ። ሴቶች ተጠሩ። ድስቱ የት ይጣድ? የላይኞቹ ወደ ላይ፣ የታችኞቹ ወደ ታች ሳቡት። ከአሁን አሁን እንደገና ተጣሉ ብዬ ስሰጋ አዮ ጎንበስ ብለው አንድ ድንጋይ አንከባለሉ። ከወንዙ ዳር ከፍ ብሎ፣ ጎርፍ የማይደርስበት፣ ከሁለቱም መንደር እኩል የሚርቅ ሜዳ ላይ አስቀመጡት። ሁለተኛውን ድንጋይ አንዲት ቀጭን ሴት አመጣችላቸው። ልጅ አዝላለች፣ ጉንጯ ላይ ጠባሳ አለ።

ልጅቱ አንቀልባዋን ፈታች፣ አዮ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ሕፃኑን ተቀበሉ። አገላብጠው አዩት። ጣታቸውን አፉ ውስጥ ከተው ጥርሱን ፈለጉ፤ ሲነክሳቸው ሳቁ። እኔ አለቀስኩ። ሰውየውም ፊቱን ወደ ግራሩ አዞረ። ከሁለቱም መንደር የመጣ ውሃ ከቢጫ ጀሪካኖች ወደ አንዱ ድስት ሲንቆረቆር ይሰማል።

ሩዙ ደረሰ፤ ሥጋው ተቀላቀለ። የትኛው የየትኛው ፍየል እንደሆነ ከዚያ በኋላ የሚያውቅ የለም። ሰውየው ቅጣቱን በደንብ ፈጸመ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎችም እየጎረሱ፣ እያጎረሱት፣ ቅጣቱን አከበዱበት። እኔም የጥፋቱ ተባባሪ ስለሆንኩ ተቀጣሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ የጣፈጠኝ ቅጣት የለም።

ከበላን በኋላ ሰውየው የቀረችውን መርህ አስታወሰ። ሴቶቹን ለብቻቸው ማነጋገር ፈለገ። ለብቻ የሚባል ነገር እዚያ ሜዳ ላይ የለም፤ ወንዶቹ ትንሽ ፈቀቅ ብለው ሁሉንም እየሰሙ ተቀመጡ። የቦኖውን ቦታ በተመለከተ ሐሳባችሁን የጠየቃችሁ ሰው ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። ሴቶቹ ተያዩ። ሕፃኑን ታቅፈው የተቀመጡት አዮ መለሱ።

“ማንም አልጠየቀንም። ድስቱንም የት እንጣደው ብሎ የጠየቀን የለም፤ ግን ጣድነው፣ ሁላችሁም በላችሁ። ቦኖውንም እዚያው ትከሉት።”

ተረጎምኩ። ቀይ ፂም ያላቸው ጉልቻውን አዩ፣ ወደ ላይ መንደራቸውን አዩ፣ ወደ ታች አዩ። ረጅሙ ሽማግሌም እንደዚያው አደረጉ። ከዚያ ቀይ ፂም ያላቸው ከእጃቸው የጫት ቅጠል ቀንጥበው ለረጅሙ ሰጡ፣ እጃቸውን ዘርግተው መሐላው እንዲነሳ ዱአ ጀመሩ፤ ሁሉም አሚን አሉ። እኔም አሚን አልኩ። ቧንቧው እስከዚያ ሜዳ ድረስ እንደሚደርስ የወረዳው ውሃ ባለሙያ በኋላ መጥቶ አይቶ አረጋገጠ፤ ዛሬ ቦኖው እዚያው ነው።

ስንሰናበት ረጅሙ ሽማግሌ የሰውየውን እጅ ይዘው አገሩ ከጎረቤቶቿ ጋር እንዴት እንደሆነች ጠየቁት። ከአንድ ትልቅ ጎረቤት ጋር ጥሩ እንዳልሆኑ ነገራቸው። በጣም አሰቡበት።

“ስትፈልጉን ጥሩን” አሉት። “እንመጣለን፤ የሁለታችሁንም ምግብ አንበላም።”

ስተረጉምለት ሰውየው በሳቅ ጎንበስ አለ፤ ሽማግሌው ግን አልሳቁም።

ፀሐዩ ሲበርድ ሰው ወደየቤቱ መበተን ጀመረ። አዮ ግን ወደ ታች አልወረዱም። ሕፃኑን በራሳቸው ጀርባ አዝለው፣ ልጃቸው ባዶውን ጀሪካን ይዛ ከፊት ከፊት እየሄደች፣ ዳገቱን ተያያዙት። ሰውየው መኪናውን ከፍቶ ከመግባቱ በፊት ቆሞ አያቸው። ወዴት እየሄዱ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ወደ ልጃቸው ቤት አልኩት። ሩቅ ከሆነ እናድርሳቸው አለኝ። በጣቴ አሳየሁት። ቤቱ ከቆምንበት ይታያል።